ስድስተኛዋ

ከቂርያት ጋት ዳርቻ፥ ከባቡሩ ማዶ፥
ቆርቆሮ ቤት አለ፥ በሻራብ ተማግዶ።
እዚያ እሠራለሁ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፥
ቀለህ ስደረድር፥ ባሩድ በጠብታ፥
ዓርብ ለሚተኩሱ፥ ለዒላማ ጨዋታ።

ሥራው ሦስት ነው ቢሉ፥ አራተኛው ነው ሥራ፤
ማስገባት ቀላል ነው፥ ማስያዝ ነው መከራ።
እርሳስ ከቀለህ አፍ ስትቀመጥ ገብታ
ከንፈሩ ይነክሳታል።
ምን ያህል?
እሱን ነው የማላውቀው።

መጀመሪያ ጊዜ ብሎኑን አላልቼ፥
«ትያዝ ብቻ» ብዬ፥ እጄን አሳስቼ፥
ለሻልቫ ሰጠሁት፥ ለዚያ ጆርጂያዊ፥
ሽጉጡ አሮጌ፥ ሳቁ ጎርፋዊ።
ሦስቴ ተኮሰና መዘውሩ አልዞር አለ።
ብረቱ በረገጠ ቁጥር ቀለሁ ወደ ኋላ ሲሸሽ
እርሳሷ ለካ አብራ አልሸሸች፤
በጥቂት በጥቂት፥ አንገቷን አስግጋ፥
እንደ ጎረቤት ሴት ወሬ ፈልጋ፥
ከአፉ ወጥታ ቆማለች።
ሻልቫ ሳቀ፤ የእኔ ላብ ግን ወረደ፤
«ጥይትሽ» አለኝ፥ «ሳይጠሩት ሄደ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ብሎኑን ጠምዝዤ፥
ማተሚያውን በእልህ በሁለት እጄ ይዤ
ነከስኳት። ነከስኳት፥ «ቋ» እስክትል ድረስ።
የቀለሁ ወገብ አበጠ፤
ጉድጓዱ ላይ ሳስሞክረው አልገባም አለ።

አባቴ ደሳለው ከጥጉ ሰፍሮ
ያንን ድምፅ ሰማው ጆሮውን ቀስሮ።
(ቤት ብቻውን አልተወውም፤ ሐሙስ ከእኔ ጋር ይመጣል።)
ወገራ ላይ ሳለ፥ ወናፉን ሲነፋ፥
ቀልጦ ያልታዘዘው ብረት አልነበረም።
ማረሻ ያሠሩት፥ ጠመንጃ ያስጠገኑ
ልጅ ይሸሽጉ ነበር፥ እንዳያይ በዓይኑ።
ዛሬ ያ የተፈራው ዓይን ሞራ ለብሶ
ጣቱ ብቻ ቀርቷል፥ ብረት የሚያይ ዳስሶ።

«አምጪያት» አለ። በአውራ ጣቱ ጥፍር
አንድ ጊዜ ዞራት፥ ከንፈር ለከንፈር።
«ይህ ጥርስ ነው» አለኝ። «ጥርስ ይሰብራል።
ከንፈር አድርጊው እንጂ፤ ከንፈር ይይዛል።
ምሳር ከእጀታ ስታጋጥሚ
ሽብልቁ ሲበዛ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤
ሲያንስ ደግሞ ምሳሩ ተነሥቶ ይሄዳል።
የተዛዙን ላም የገደለው
የጎደለ ሽብልቅ ነው፤ የከፈልኩትም እኔ ነኝ።»
የላሟን ዋጋ ዛሬም ያስታውሳል፤ ስምንት ብር ነው፥ ወይም ዘጠኝ።

ደግሞ ሌሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤
«እኩል አይደሉም» ብሎ ሁለቱን መለሰ።
እውነቱን ነው። ረጅሙ ተነክሶ ሲታመም
አጭሩን ብረቱ ነክቶትም አያውቅም።
ቀለሁን በሙሉ ከርክሜ በቁመት፥
ብሎኑን ሩብ ዙር መልሼ፥
እንደገና ጀመርኩ ሌሊት።
ቀበቶ ጎድጎድ ላላት ከንፈሩ ይጠቀለላል፤
ልሙጧን ግን ጎኗን ማቀፍ ብቻ ይበቃል።
ይህን ከአሁን በፊት አንብቤው ነበር።
በጥፍር አልነበረም ግን።

ዓርብ ራሴው ገባሁ። ስድስት አጎረስኩ።
አምስቱን አከታትዬ ተኮስኩ።
ስድስተኛዋን አወጣኋት፥ ሳትተኮስ፥
የአምስት እህቶቿን እርግጫ ችላ ስትመለስ።
በካሊፐር ለካኋት፥
አንዴ፥ ደግሜ፥ ሻልቫንም ጠርቼ፦
ትናንት ማታ የጻፍኩላት ቁጥር ነው፤ የፀጉር ያህል አልወጣችም።
ወረቀቱን የበሱት አምስቱ ናቸው፤ እኔ ግን የማየው ወደ ስድስተኛዋ፥
ያልጮኸች፥ ያልበሳች፥ ያልተነሣች ከቦታዋ።

አባቴ ከደጅ ነው፥ ከባሕር ዛፉ ሥር።
በመዳፉ አኖርኳት። ጥፍሩን ሲያዞር
እስትንፋሴን ያዝኩ፥ ምን ሊለኝ ነው ብዬ።
«ሞቃለች» አለ።
ሌላ ምንም አላለም።
ባቡሩ እስኪያልፍ ድረስ መዳፉን ከደነባት፤
ከዚያ መለሰልኝ። መዝገቡ ላይ ቆጠርኳት።