የትኛው ጎን?

ላይፕዚግ፣ ቅዳሜ ቀን፣ መደብሩ ሦስተኛ ፎቅ፣
ሻጩ ሄር ዲትማር፣ ራስጌውን በመዳፉ ሲደልቅ፣
ድምፁ የተቦካ ሊጥ፣ ስፌቱ የማይላቀቅ።

አረንጓዴውን ከፋይ ውዳላት ዳበሰችው፤
ሽቅብ ስትል አጠቆረችው፣ ቁልቁል ስትል አበራችው።
እኔ የዋጋ ወረቀቱን ገልብጬ፣ በሆዴ፦
«ከፋይስ እኔ ነኝ» አልሁ፣ «ጨርቁ ምን አለበት፣ ዘመዴ።»

ሜትር ዘረጋሁ። ደረጃችን ጠባብ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ነን።
«ይፈታል» አለን።
ቅጹን ሞላ ሞላና፣ ብዕሩ ካንድ መስመር ሲደርስ፣
«የንባብ መብራቱ ባንድ ወገን ነው፤
ማን በየትኛው ጎን ነው የሚንተራስ?»

ተያየን።

አራት ዓመት ባንዲት ጠባብ አልጋ ስንፈራረቅ፣
እኔ ከሌሊት ፈረቃ፣ ጥቅል ስለይ አድሬ ስዘልቅ፣
እሷ የሆስፒታል አንሶላ ልትተኩስ ስትወጣ፣
ሙቀቷ ውስጥ ነበር የምገባው፣ እሷን ሳጣ።
ሌላው አልጋ ይወርሳል፤
እኛ ሙቀት ወረስን።

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እኔም የቀን ነኝ።
«ግራ!» አልሁ።
«ግራ!» አለች፣ ካፌ ነጥቃ።
ግራ የገባው ሄር ዲትማር ብቻ፣
በብዕሩ ጫፍ ጆሮውን ሲያክ።