ፀሐይ የሚበላው ሰዓት

ጡረታ በወጣሁ ሳምንት፣ ልጄ ኦርታል ይዛው መጣች፤
ካርቶኑን ቀዳ ጣለችና፣ ከግራ እጄ ላይ አሠረች።
«ሶኬት አይሻም፣ አባ፤ እንደ እንሽላሊት ይሞቃል፤
ውጣ፣ ተራመድ በፀሐይ፤ ቤት ከተቀመጥክ ይሞታል።»
ከሁለታችን የትኛው እንደሚሞት
አላብራራችም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ወፍራም ነው፤ ጥቁር፤ ጠርዙ ብረት፤
ከድንጋይ ቢላተም ጭረት የለበት፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመጋዘን በር ላይ፣
በዝናብ በሐሩር የቆመ ዘብ መሳይ።
እኔው ነኝ፣ አልኩ በሆዴ፤
በትንሹ ተሠርቼ፣ የታሠርኩ በገዛ ክንዴ።

ቅዳሜ አላስረውም፤ ሰንበት ነው፣ አልነካውም።
ከመስኮቱ ደፍ ላይ ሲበላ ይውላል፤
ሳይሠራ መብላቱን ማንም አይነቅፈውም።

በአንድ ነገር ግን አልተስማማንም።
ማለዳ፣ ጎህ ቀዶ፣ ብርሃን ሲፈነጥቅ፣
እሱ «ሰባት» ሲል፣ እኔ «አንድ ሰዓት» ስል፣
ስድስት ሰዓት ሙሉ በመሃላችን ስንጥቅ።
ይኸን ስንጥቅ ስዘል አርባ ዓመት ኖርኩ፤
በቀጠሮ፣ በአውቶቡስ፣ በሐኪም ቤት ወረፋ፣
አንዴ ቀድሜ፣ አንዴ አርፍጄ፣ ስንቱ ቀን በከንቱ ጠፋ!
ግን እስቲ ፍረዱኝ፤
ቀለቡ ፀሐይ ለሆነ፣ ቀን የሚጀምረው መቼ ነው?
በድቅድቅ እኩለ ሌሊት ነው፣ ወይስ እሷ ስትወጣ ነው?
ከሠሩት መሐንዲሶች ይልቅ፣ ሆዱን ቢጠይቅ ይሻለው!

ምጽፔ ራሞን አፋፍ ላይ፣ ከፋሲካው በኋላ፣
ዋልያ መሳይ ፍየሎች ተኝተው በፌርማታው ጥላ፣
እኔ ቁልቁል ወረድኩ፣ ወደ ማኽቴሹ ሆድ፤
ማኽቴሽ ማለት ሙቀጫ ነው፤ አፈሩም እንደ በርበሬ፣ እንደ እርድ።
ዘነዘናውን ፈለግሁ፤ አጣሁ፤ ቀና ስል ግን አናቴ ላይ፣
ቀጥ ብላ ልትወርድብን፣ ክንዷን አንሥታለች ፀሐይ።

እጄ ላይ ሆኖ ይቆጥራል፤ እርምጃ፣ የልብ ምት፣ ከፍታ፤
«መቶ ሠላሳ ሁለት! ዕረፍ!» ይነዝረኛል እንደ ንብ ቁጣ።
ዐረፍኩ፣ ከግራር ሥር።
ላቤን ልጠርግ ስል አንዱን ቁልፍ ነካሁ፤ መስተዋቱ በራ፤
ቀስት ሳለና በዕብራይስጥ፦ «ወደ መነሻ ልምራ?»

መነሻ።
እሱስ መኪና ማቆሚያውን ነው፤ አውቃለሁ፤
እኔ ግን ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሣ ቆየሁ።
የዛሬ አርባ ዓመት፣ በዚያ በመጀመሪያው ጉዞ፣
ቀን ከቁጥቋጦ ሥር ተጣብቀን፣
ሌሊት ነበር የምንነቃነቅ፣ እርስ በርስ እጅ ይዘን።
ያኔ ቢታሠርልኝ፣ በሦስተኛው ቀን ርቦት ይሞት ነበር፤
ፀሐይን ሸሽተን ነበራ፣ የምንሄደው ወደ ድንበር።
ወንድሜ ይስማው ከመንገድ ሲቀር፣ ስንተኛው ነበር እርምጃው?
የቆጠረ የለም። ድንጋይ ከምረን ሄድን፤ ያ ድንጋይ ዛሬ የት ነው?

ቀስቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አዎን? ወይስ አይ?
ስልኬ ጮኸ። «አባ፣ ካርታው ላይ ነጥብህ ቆማለች፤ ደህና ነህ ወይ?»
«ደህና ነኝ፣ ኦርታል፤ ጥላ ይዤ ነው።»
«ጥላ ውስጥ ብዙ አትቀመጥ፤ ባትሪው ይደክማል» አለችኝ፤
ነገሩ የባትሪ እንዳልሆነ፣ ድምፅዋ ነገረኝ።

«አይ»ን ተጫንኩ።
ከግራሩ ጥላ ወጥቼ፣ እጅጌዬን ወደ ክርኔ ሰበሰብኩ፤
እሱ «ዐሥራ ሁለት» አለ፤ እኔ «ስድስት» ብዬ መለስኩ፤
አልተጣላንም። ክንዴን ወደ እሷ ዘረጋሁለት።

ብላ፣ አልኩት፤
ምሳህ ደርሷል።