ሂሳብ

ሠላሳ አራት ዓመት ሂሳብ አስተማርኩኝ፣
በጠመኔ ዱቄት ሳል አተረፍኩኝ፤
ደብረ ብርሃን ላይ ነው ጡረታ የወጣሁኝ።

ልጃችን ልዑልሰገድ ከሐዋሳ ደውሎ፣
«ጋብቻችሁ እኮ አርባ ሞላው» ብሎ፣
በስልክ ብር ላከ፣ ጠረጴዛ ያዘ፣
እናቱን ለመነ፣ እኔን ግን አዘዘ፦
«አንኮበር አፋፍ ላይ ነው፣ ሰማይ ጠርዝ ሎጅ፣
እስኪ ለአንድ ቀን እንኳ ውጡ ከቤት ደጅ።»

በለጥሻቸው ቀሚሷን ከሳጥን አወጣች፣
የናፍታሊኑን ሽታ በሽቶ ሸፈነች።
እኔም ከረባቴን እንዴት እንደሚታሰር
ጠፍቶኝ፣ ሦስቴ ስፈታ ሦስቴ ስቋጥር
ረፈደ። በኮንትራት ጉሙን ሰንጥቀን፣
ከአፋፉ ደረስን ስድስት ሰዓት ሲሆን።

«ከመስኮቱ ማዶ አፋር ይታያል»
ተብሎ ተለጥፏል። መስኮቱ ጉም ጠጥቷል።
ሰሌዳ መሰለኝ ዳስተር የዞረበት፣
አንድ መስመር የለም የሚነበብበት።

አስተናጋጁ መጣ፣ ቀይ ሰደርያ ለብሶ፣
አየኝ፤ ሊሸሽ አለ፤ አንገቱን መልሶ
«ቲቸር!» አለ። ወንድይፍራው! የኋላ ወንበር፣
ማካፈል ስጀምር ሽንት ቤት የሚሰወር።

ሜኑው እንደ ዳዊት በቆዳ ተለብዷል፣
የአንዱ ምግብ ስም ብቻ ሁለት መስመር ይሄዳል፦
«የመንዝ ጠቦት ጭን፣ በዝግታ የበሰለ፣
በጥቁር ገብስ አልጋ ላይ፣ ኮሰረት የታከለ።»
«በጉ ታሟል እንዴ፣ በአልጋ የሚመጣ?»
አለች በለጥሻቸው፤ ሳቄ አምልጦኝ ወጣ።

«እሱን ሁለት አድርግ» አልኩት። ወንድይፍራው
አቀረቀረና እስክሪብቶውን ነከሰው፦
«ጠቦቱ ከአዲስ አበባ ነው የሚጫነው፣
በበረዶ መኪና። ሸኖ ላይ ጎማው ፈነዳ።»
በመስኮቱ ማዶ፣ ከጉሙ ጓዳ፣
አንድ በግ ባ አለ። ቀጥሎ ሌላው። ሌላው።
ሦስታችንም ሰማን። ማንም አልተናገረው።

«ዓሣ አለ» አለን። ዓሣ ይሁን አልን።
መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ። እኛ አለን።
ከጎን ያሉት ልጆች ሾርባው እስኪረጋ
ፎቶ ያነሱታል፣ ቆመው ወንበር ጋ።
ስምንት ከሩብ ላይ ዳቦው ብቻ መጣ፣
እንደ ኮረት ደርቆ፣ ጥርስ የሚያስወጣ።

ከዚያ ዓሣው። ሳህኑ የኳስ ሜዳ ያህል፣
ዓሣው ከመሃሉ ስባሪ ጠመኔ ያክል።
ዙሪያውን በመረቅ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፤
ክብ ነው። የክቡን ስፋት አሰላሁ ስራብ።
ውስጡ በረዶ ነው፣ ድዴ ላይ ተሰማኝ።
በለጥሻቸው ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ።

ልቆጣ ተነሣሁ። ወንድይፍራው ጎንበስ ብሎ
«ሼፉ ትናንት ሄደ» አለኝ ቶሎ ቶሎ፣
«ሦስት ወር አልተከፈለም። ያበሰልኩት እኔው ነኝ።»
እጁን አየሁ። ዘይት አቃጥሎታል። ቁጣዬ ጠፋኝ።

ሂሳብ መጣ።
ዓሣ። ዓሣ። ዳቦ። ውሃ። አገልግሎት። ቫት።
ከግርጌው በደቃቁ «የመስኮት» የሚል አለበት።
ደመርኩት። ልክ ነው። ሳንቲም አልተዛነፈ።
የኋላ ወንበሩ ልጅ ዛሬ ገና አለፈ።
እኔም አፌ ሳይጎርስ ጉርሻውን ሰጠሁት፣
ከቃጠሎው በላይ፣ መዳፉ ላይ አኖርኩት።

ደጅ ቆመን ሚኒባስ ስንጠብቅ ስልኳ ጮኋል፤
«እንዴት ነበር እማዬ? አፋር ይታያል?»
እሷ እኔን አየችኝ። እኔ ጉሙን አየሁ።
«ልጄ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነው፣ ጠገብሁ፣ ጠገብሁ!
በጉማ በአልጋ ነው በክብር የመጣው፣
በረሃው እንደ መዳፍ፣ ግመሉን ቆጠርነው!»
አርባ ዓመት አንድ ቤት ኖረን፣ እንዲህ ያለ ውሸት
ትችላለች ብዬ አልገመትኩም። ልቤ ኮራባት።

ልጁ በደስታ ጮኸ፣ ከስልኩ ውጭ ይሰማል፦
«ለከርሞም እዚያው ነው! ቀብዱ ዛሬ ይላካል!»

ከጉሙ ውስጥ በጉ ሳቀ፣ ወይም ለእኔ መሰለኝ።
በለጥሻቸው ክንዴን ይዛ፦
«ሰውዬ፣ ራበኝ።»