ሦስት ቃል

ታርቱ ላይ፣ በጥር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥር፣
በረዶው መስኮቱን ይዞ፣ ከተማው በእንቅልፍ እስር፣
የመድኃኒቱ ሣጥን ቀይ ዐይኑን አፈጠጠ ማይሬ ላይ።
ካርዷን አስነካች፤ ቀይ።
ጠረገች፣ ደገመች፤ ቀይ።

አልጋው ላይ ኤልማር አለ፣ ዳሌው በብረት የተሰፋ፣
የማስታገሻው ኃይል አልቆ፣ ሕመሙ እንደ ጎርፍ ሲገፋ፣
ጥርሱን ነክሶ የጣሪያውን ሰሌዳ ይቆጥራል፤
ዐሥራ ሁለት ላይ ይሳሳታል፣
እንደገና ይጀምራል።

ማንም አልሞተም። ቀድሜ ልናገር፣
ግጥም ሬሳ ይወዳልና እንዳትሰጉ በከንቱ።
አርባ አንድ ደቂቃ ብቻ። እስቲ ለተሰበረ ዳሌ
አርባ አንድ ስንት ነው ስሌቱ?

ጠዋት ኬርቱ ከጎኔ ተቀምጣ መዝገቡን ገለጠች።
የመጣው ትእዛዝ የዋህ ነው፦
«ማይሬ ወደ አምስተኛ ፎቅ ተዛውራለች፤ ከሦስተኛው ትነሣ።»
ወኪሉም፣ ያ እጅ ሳይኖረው ቁልፍ ሁሉ የተሰጠው፣
የመሣሪያ ሣጥኑን በረበረ፣ የሚያነሣ ሲፈልግ፤
አንድ አገኘ፤ ግንባሩ ላይ ሦስት ቃል፦
«ተጠቃሚን ከቦታው ያነሣል።»

ከየትኛው ቦታ? አልተጻፈ።
እስከ የት ድረስ? አልተጻፈ።
ከተነሣስ ወዲያ መመለሻው? እሱም አልተጻፈ።
አነሣት እንግዲህ፤ ከሦስተኛው፣ ከአምስተኛው፣
ከበሩ፣ ከሣጥኑ፣ ከምሳ ቤቱ ዝርዝር ሳይቀር፤
«ተፈጽሟል» ብሎም ፈረመ፣
በትሕትና፣ ግድፈት በሌለው ፊደል።

ራይቮ፣ አለቃችን፣ «ማሽኑ ሳተ» ብሎ ሪፖርቱን ጀመረ።
ኬርቱ ግን መሣሪያውን ማን እንደ ገለጸው ፈለገች፤
ነሐሴ፣ ዓርብ፣ ለዐሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ፤
ከሥሩ የገዛ ስሟ።
ትዝ አላት፦ እንጉዳይ ለቀማ፣ የእህቷ መኪና ከደጅ፣
አንድ ክንዷ ጃኬት ውስጥ፣ ጽሑፉ በሌላው እጅ።

እኔ ደግሞ ከቅኔ አገር ነኝ፣
ቃል መንታ ሲያረግዝ እልል ከሚባልበት።
ሥልጣን ሲነጠቅ «ሻረ» እንላለን፣ ቁስል ሲድንም «ሻረ»፤
በአንዱ ሹም ከወንበሩ ወረደ፣ በአንዱ በሽተኛ ድኖ አደረ።
ያን ዕለት ምሳ ላይ ይህን ለኬርቱ ባጫውታት
ማንኪያዋን አየር ላይ አቁማ
«ያ ቃል በእኔ በኩል እንዳያልፍ» አለች።
ሳቅን።
ከዚያ አልሳቅንም።

ሦስት ቀን ጻፈች፣ ፋቀች፣ ጻፈች፦

«ይህ መሣሪያ የአንድን ሠራተኛ ፈቃድ ከአንድ ክፍል ላይ ብቻ ይሰርዛል፤
ክፍሉን በስሙ ጥራ።
የቀሩትን በሮች አይነካም፤ መለያውን አያጠፋም።
ሠራተኛው ፈረቃ ላይ ከሆነ አትጠቀምበት።
ክፍሉ ካልተነገረህ አትገምት፤ እባክህ ሰው ጠይቅ።
ዝምታ ፈቃድ አይደለም።»

ራይቮ አነበበና «ረዘመ፤ እያንዳንዱ ቃል ዋጋ አለው» አለ።
«አውቃለሁ» አለች፤ «አርባ አንድ ደቂቃ።»
ቢሆንም አንድ ቃል አወጣች፤ «እባክህ» የምትለዋን።
(ለወኪሉ አልነበረችም፤ ለኤልማር ነበረች መሰለኝ።)

ማታ ብቻዋን አምስተኛ ፎቅ ወጣች፤ ኋላ ነው የነገረችኝ።
ካርዷን አስነካች፤ ቀይ።
እዚያ ፈቃድ የላትም፤ እንዳይኖራት ያዘዘችው ራሷ ነች።
ምክንያቱን የማይናገር በር ፊት ቆመች፣
ኮቷ ላይ በረዶው እየቀለጠ።
ማይሬ በመስታወቱ አየቻት፤
«ማንን ፈልገሽ ነው?»
ሦስት ቀን ሙሉ ቃል ስትመዝን የሰነበተችው ሴት
ለዚህች ጥያቄ አንድም ግልጽ ቃል አላገኘች።

ከወዲያ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣
ኤልማር በምርኩዝ ይራመዳል፣ እርምጃውን ይቆጥራል፤
ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት፣
ትንሽ አረፍ አለ፣
«ዐሥራ ሦስት» ሲል ተሰማ።