የምስክርነት ሰዓት

ሐወሊ ውስጥ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ፣
ደረጃ ወርዶ ነው ምእመኑ የሚገባ።
መስኮት የለውም፤ አንድ ቬንቲሌተር አለ፣
እንደ ሽማግሌ ጉልበት እያቃሰተ የሚዞር።
እሑድ የምንለው ዓርብን ነው በዚህ አገር፤
ማዳም ስትፈቅድ ነው ጌታ የሚነሣው ከመቃብር።

እኔ ሹፌር ነኝ፤ ሳምንቱን ውኃ አድላለሁ፣
ዓርብ ዓርብ ግን ማይኩን እይዛለሁ፣
መባ እቆጥራለሁ፣ አንዳንዴም እሰብካለሁ፤
ለእያንዳንዱ ምስክር ሁለት ደቂቃ እሰጣለሁ።
ከሁለት ካለፈ እስላለሁ።

የዚያን ዕለት ትርፌ ተነሣች ከኋላ፣
በረኪና የላጠው እጇን በሻርፕ ጠቅልላ።
«ከየት ነሽ?» አልኳት እንደ ልማዴ።
«ሆሳዕና» አለች።
ጉባኤው «አሜን!» አለ፤ እልልታው ቀለጠ።
አገሯን መናገሯ ነበር፤ ማን አዳመጠ?

«እናቴ ትርፌ ያለችኝ፣ አራት ቀብራ ስተርፋት፤
እዚህ ግን ትርፍነቴን ለማን እንደሆነ አጣሁት።
ዐሥራ አራት ወር ሠራሁ፤ የከፈሉኝ የሦስቱን፤
ከወርቃቸው ጋር ቆልፈውበታል ፓስፖርቴን።
ወርቁ እንኳ ሠርግ ሲሆን ይወጣል፤
የኔ ፎቶ ግን ጨለማው ውስጥ ዓይኑን እንደገለጠ ያድራል።»

ሳልሁ።
አላቆመችም።

«ወንድም ኤርጫፎ፣ ባለፈው ዓርብ ሰብከሃል፤
ከጌታው የኮበለለ ባሪያ ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ ብለሃል።
ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ፣ የሰው ልብስ እየተኮስሁ።
በሩን ሲያንኳኳ ማን ከፈተለት? ገና ሲያዩት ምን አሉት?
ደብዳቤውን አነበቡለት? ወይስ ሳያነቡ አሠሩት?
እሱን ሳትነግረን ነው የዘጋኸው፤
‘ታገሡ’ ብለህ ነው ያሰናበትኸው።»

ምን ልበል? ላቤ በጀርባዬ ቁልቁል ተጓዘ፤
የኔም ኢቃማ በከፊሌ እጅ ነው፤ ምላሴ አብሮ ተያዘ።
«ሃሌ ሉያ» አልሁ፤ ቃሉ እንደ ሳንቲም ከአፌ ወደቀ።
ኪቦርዱን እንዲጀምር ልጁን በዓይኔ ጠቀስሁት፤
እሱ ግን እጁን አራቀ።

ያኔ ነው ከመሐል አንዷ፣ ሳትነሣ፣ «ዘጠኝ» ያለችው።
ቁጥር ብቻ።
«አራት» አለች ሌላዋ።
«ዐሥራ አንድ» አለች ልጅ ያዘለችው።
«ሁለት ወር፤ አርባ ቀን ደግሞ በር ተቆልፎብኝ።»
«ሰባት።»
«እኔም ሰባት።»
«ሃያ፤ ስልኬንም ወስደውብኝ።»
እንደ መዝሙር ተቀባበሉት፣ ዜማ ሳይኖረው፤
አሜን የሚል ጠፋ።
ቁጥር ይጻፋል እንጂ ማን ይዘምረው?

በር ላይ፣ ከጫማው ክምር አጠገብ፣ ሙና ቆማ ነበር፣
የባቲ ልጅ፤ ጓደኛዋን አድርሳ ልትመለስ ነበር።
ሶላቷን ሰግዳ የመጣች፣ ከእኛ ቤት ያልሆነች፣
ጫማዋን ሳታወልቅ
«ስድስት» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።
የመባውን መዝገብ ገልብጬ ከኋላው ገጽ ጀመርሁ፤
እስክሪብቶው እምቢ አለ፤ በትንፋሼ አሙቄ ጻፍሁ።
ስም፣ ወር፣ የቤቱ ቁጥር፣ የመንገዱ ምልክት፤
የሙናን ከትርፌ ሥር፣
መሐላቸው መስመር ሳላሰምርበት።

በእውነተኛው እሑድ፣ በሥራ ቀን፣ ውኃውን መኪናው ላይ ትቼ፣
ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ቆምሁ፣ መዝገቡን በብብቴ ሸጉጬ።
ጸሐፊው ቀና ሳይል ጠየቀኝ፦ «አንተ የነዚህ ምናቸው ነህ?»
ምድር ቤቱ ውስጥ ወንድም መባባል ቀላል ነው፣
እጅ ጨብጦ ማለፍ ነው፤
እዚህ ግን ቃሉ ኪሎ አለው።
ከየትኛው ማሕፀን እንደሆነ በማኅተም ይጠየቃል።
«ምስክራቸው ነኝ» አልሁት።

መዝገቡን ገለጥሁ። ከትርፌ ጀመርሁ።
የግድግዳውን ሰዓት አየ።
ሳለ።
አላቆምሁም።