ስድስቴ

ጋኔ ዛሬ አኩርፏል።
ክዳኑን ሳነሳ የለም ያ አረፋ፣
ያ የመዳብ ቆዳው፣ ያ አበባው ጠፋ፤
ሰማያዊ ሆኖ ውሃው ይጠብቀኛል።
ሰማያዊ ሲባል ላላወቀ ያምራል፤
ለእኔ ግን ሕመም ነው፣ ጋን ታሟል ይባላል።
ጤነኛ የኒል ጋን ሆዱ አረንጓዴ፣
ሰማዩን ደብቆ የሚያድር ነው፣ ዘመዴ።

ሐጃ ዙልፋ ናት ያስተማረችኝ፣
አፈተኢሳ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ፤
አባቷ ከሆዴይዳ በጀልባ
ኒል በጆንያ ጭኖ በጅቡቲ በኩል የገባ።
ሚዛን አልነበራትም። አንድ እፍኝ ኒል፣ ሁለት ኖራ፣ ሦስት ተምር፤
የቀረውን በአፍንጫዋ ነበር የምትቆጥር።
«የደቻቱ አሸዋ በመጀመሪያው ዝናብ የሚሸተውን ሲሸት፣
ያኔ ጨርቅሽን አርጥበሽ ጥሪኝ፤ እስከዚያ ጠብቂው በትዕግሥት።
ኖራ ድሬ አታጣም፣ ተምሩም ከጅቡቲ ይመጣል፤
ዱቄቱ ግን ግትር ነው፣ ውሃ ቢለምነው ዝም ይላል።
በተምር አባብዪው፣ በኖራ ቆንጥጪው፣
ስታማስዪም ቀስ፣ አየር አታስገቢው።
ያለ ሰዓቱ የቀሰቀሱት ጋን
እንደ ሕፃን ነው፤ ሲነጫነጭ ይውላል ለሦስት ቀን።»

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላሉ።
የኔን የደገፉት የሐዲድ ጠጠሮች ናቸው፣
ጥላዬ ጡረታ የወጣ ቀን በኪሱ ያመጣቸው።
ኅዳር ሲገባ ድሬም ለሰው እንጂ ለጋን አትሞቅም፤
የባቡር ካፖርቱን አለበስኩት፣ ባለቤቱን አልጠየቅሁም።
«ሠላሳ ዓመት ፍሬን ይዤ ያገኘሁት ካፖርት
ጋን ይሙቅበት?»
ብሎ ሁለት ቀን ዘጋኝ። በሦስተኛው ጠዋት አየሁት፣
ጎንበስ ብሎ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሲቆልፍለት።

ማክሰኞ ትብለጥ መጣች ከሳቢያን፣
ነጭ ነጠላ በጉያዋ።
ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋት፤
ድሬ ትንሽ ናት፣ ወሬው ቀድሟታል ከእሷ።
«ከል አድርጊልኝ» አለች።
ጥቁር የለኝም አልኳት፤ ግን ሰባቴ ከነከርኩት
ሰማያዊም ይጨልማል፣ ይሆናል ሌሊት።

የመጀመሪያው ንክር፦ ነጠላው ሲወጣ እንደ ጎመን ቅጠል፤
አንድ ትንፋሽ ያህል እንዲያ ይቆይና
ከጥለቱ ጀምሮ ሰማይ ይወርሰዋል።
ከኒሟ እስከ መስኮቱ ብረት በተወጠረው ሽቦ
አሰጣሁት፤ ጠበቅን፤ መልሼ ነከርኩት።
ሁለቴ። ሦስቴ።
በአራተኛው የደብተር ሽፋን መሰለ፣
በአምስተኛው የጥላዬ አሮጌ ቱታ፣
በስድስተኛው ደግሞ ድሬ፣ መብራት የጠፋ ማታ።

ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «አይለቅም አይደል?»
እኔም እምላለሁ፣ ግማሹን በእውነት ግማሹን በድፍረት።
እሷ ግን የረጠበውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ
«ይለቃል አይደል?» አለችኝ።
እጄ ጋኑ ውስጥ እንዳለ ቀረ።
«ይለቃል» አልኳት፣ «ቀስ እያለ፣ እንደ አጣጠብሽ፤
መጀመሪያ ከእጥፋቱ፣ በትከሻ በኩል፣ ፀሐይ በነካሽ።»
«እንግዲያው ስድስቱ ይበቃል» አለች፤
እርጥቡን በፌስታል አድርጋ በባጃጅ ሄደች።

ይኸው ነው ጋኔን ያደከመው።
አልፈርድበትም። ለአንድ ቀን ብዙ ነው የተሸከመው።
ሦስት እፍኝ ተምር ቀቅዬ፣ ለብ ሲል፣
በጠርዙ በኩል አንቆረቁርለታለሁ፣ ሳይንቦጨረቅ፤
ካፖርቱንም መልሼ እስከ አንገቱ ድረስ፣ ጥብቅ።

ጥፍሬ ሳምንቱን ሙሉ ሰማያዊ ነው።
ቲማቲም ስመርጥ ሻጮቹ ፊቴን ትተው እጄን ያያሉ።

በእኩለ ሌሊት ክዳኑን ገለጥ አደረግሁ፦
መሃል ላይ ስሙኒ የምታህል መዳብ፣ ብቻዋን።
ጥላዬ ከአልጋው ሆኖ
«ተኛልሽ?» አለ።
«ቀስ ብለህ አውራ» አልኩት።