መጣፍ

አፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ የታቦር ራስ በመስኮት ጥግ፤
ጠረጴዛዬ አንድ ብቻ፣ እኔ ሁለት ስፈልግ።
በግራ በኩል ደብተር፣ በቀኝ በኩል ቁርጥራጭ ጨርቅ፤
አንዱን ሳነሣ ሌላው ያኮርፋል፣ እኔ በመሐል ሳስታርቅ።

የምውለው እጥበት ቤት ነው፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፤
የሰው አንሶላ ሳጣጥፍ ውዬ፣ በረኪና ሸትቼ በምሽት
እመጣለሁ። ያረጀውን አለቃዬ «ውሰጂው» ትለኛለች፤
አንድ ቀን እንኳ «ለምንሽ ነው?» አላለች።

«እማ፣ ብርድ ልብስ ሱቅ ሞልቷል፤» ይላል አቪሻይ፣ ልጄ፤
«ልብ ወለድሽንስ በአማርኛ ማን ሊያነበው?» ዝም። ለመርፌ ክር ታጎርሳለች እጄ።

እናቴ ባየችኝ! በእሷ ዘመን ድሪቶ
አልጋ ሥር ይገባ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ተጎትቶ።
እዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በሠፈሩ ማእከል፣
ዚናይዳ ድሪቶ ታስተምራለች፣ ገንዘብ ተቀብላ በውል።
«ስፌትሽ እንደ ሩዝ ይድቀቅ፣» ትላለች፤ ዕብራይስጧ ሩሲያ ሩሲያ፣
የእኔም አማርኛ አማርኛ ይላል፤ መርፌ ነው የእኛ መግባቢያ።

በደብተሬ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው አለ፣ ቢያዝን የሚባል፣
ሰዓት ጠጋኝ፤ ስምንት ወር ሙሉ ሰው በር ላይ ቆሟል።
ላንኳኳ አላንኳኳ ይላል፣ ጣቱን አጥፎ ዘርግቶ፤
ማን እንደሚከፍትለት አላውቅም፤ እነክሳለሁ እስክሪብቶ።

እሑድን ለደብተር፣ ሰኞን ለጨርቅ ብዬ፣ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤
በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ወረቀት ለስፌት ልክ ቆረጥኩ።

ቢያዝንን ስሸሽ ወደ መርፌ። ከአቪሻይ የተቀደደ የጦር ሱሪ አረንጓዴ፣
ከሟች ባሌ ሸሚዝ ኮሌታው፣ ከመጋረጃው አንድ ዛላ ስንዴ፤
ደህና እየሄደልኝ ሳለ፣ ባለፈው ረቡዕ ሌሊት፣
ብነሣ፣ ከቀሚሴ ጋር ሰፍቼው ኖሯል፤ ተከተለኝ እስከ ማድ ቤት።
ተረት ልተርት የተቀመጥኩ ሴት፣ ስፌት ስተረትር አደርኩ፤
ሲነጋ ደግሞ ምዕራፍ አራትን፣ እንደዚያው ተረተርኩ።

አንዱ ለአንዱ መቼ ይተዋል! ስጽፍ የጨርቅ ቀለም ይታየኛል፣
ስሰፋ የሰው ድምፅ ከገበሩ ሥር ይጠራኛል።
«አንዱን ምረጪ» ይሉኛል። እናቴ፣ ፊደል ያልቆጠረች፣
መጽሐፍን «መጣፍ»፣ ጻፈን «ጣፈ» ስትል ኖራ የሞተች፣
ቀዳዳ ሲደፈንም «ጣፈ» ነበር፤ አንድ ቃል፣ ለሁለቱ።
ይህን የሚያህል እርቅ ትታልኝ ሄዳ፣ እኔ ነኝ የምባዝን በከንቱ።

ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ደብተርም መርፌም መሳቢያ ይገባሉ።
ሁለት ፊደል መጻፍ ክልክል፤ ሁለት ስፌት መስፋት ክልክል፤
ሕጉ አላዳላም፤ በሚዛኑ ሁለቱን አደረጋቸው እኩል።

ቢያዝንም እኮ መርጦ መርጦ፣ በሰንበት ነው የሚያንኳኳ!
ቅዳሜ ቀትር፣ የሱፍ ፍሬ ስፈለፍል፣ ሰማሁት፦ ቋ፣ ቋ።
በሩም ተከፈተ። እኔ ግን እጄን አጣምሬ፣
እስኪመሽ ያንን ዓረፍተ ነገር ታቀፍኩት፣ እንደ ዶሮ ቤቴ ታጉሬ።

ሦስት ኮከብ በታቦር ላይ ሲወጣ፣ ደብተሬን ባስስ የለም፤
እስክሪብቶም የለም፤ እጄ የገባው ጠመኔ ነው፣ ያለ ቀለም፣
ጨርቅ የምለካበት። ገበሩን ዘረጋሁ፤ በሆስፒታሉ አንሶላ ጀርባ
«በሩ ተከፈተ» ብዬ ጣፍኩ፤ ፊደሉ ትልቅ፣ እንደ ዱባ።

ለሰንበት የመጣው አቪሻይ አጠገቤ ቆመ፤ ፊደል የሚለየው በጭንቅ፤
ጣቱን በጨርቁ ላይ እየጎተተ፣ አንዱን ከአንዱ ሲያጣብቅ፦
«በ... ሩ... ተ... ከ...»
ቀና አለ። «ማን ነው የከፈተው?»
«አላውቅም» አልኩት። «እስቲ መርፌውን አቀብለኝ፤ ጎንህ ነው።»